ኤዶ ድምጿን ልትሰማ ሐርጌሳ ሄደች

ዘፈን የማይወድ ሰው አላውቅም። ሴት ልጁ ዘፋኝ ብትሆንበት ደስ የሚለው ሰውም አላውቅም። በሰው ሠርግ ላይ ትከሻው እስኪወልቅ የሚጨፍረው፣ «ድገሚው! ድገሚው!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኸው ያው ሰውዬ፣ የገዛ ልጁ ሽንኩርት እየከተፈች ትንሽ ብታንጎራጉር «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይላታል። ማሩን እንወዳለን፤ ንቢቱ ግን ከኛ ቤት እንድትወጣ አንፈልግም። አሁን አንዳንዶቻችሁ «እኔስ እንዲህ አይደለሁም» እያላችሁ ነው። ይሁን እሺ። ልጃችሁ ትደግና እንነጋገራለን።

ይኼን የምለው ረጋ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ ነው። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል፣ ንዴቱ ግን ከእኔ ጋር አብሮ ሸብቷል። «ተናደህ አትጻፍ፣ በማግሥቱ ታፍርበታለህ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ማግሥቱን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አላፈርኩም።

ዛሬ ሰው ስለ ሐርጌሳ ሲጠየቅ ስለ ጦርነቱ ወይም ስለ ገበያው ነው የሚያወራው። የድሮ ሰው ብትጠይቁ ግን ዑድ ይላችኋል። ቀራሚ የሚሉት የጥንት ዜማ አላቸው፤ አንዱ ሆዱ የተነፋውን ዑድ ደረቱ ላይ አቅፎ ይደረድራል፣ አንዱ ድቤ ይመታል፣ አንዱ ወይም አንዷ ታዜማለች። አለቀ። ሌላ ጌጥ የለውም። ግጥሙ በግማሽ ባይገባችሁም አንጀታችሁ ይገባዋል። ሐርጌሳ የዚህ ዘፈን እናት ናት ይባላል፤ እናትነቷን ማን ምን ያህል እንደሚያከብርላት እነግራችኋለሁ።

እኔ የሄድኩት ከተማው ከወደቀበት ገና ብድግ ሲል ነው። በጦርነቱ አውሮፕላን ከላይ እስከ ታች አርሶታል። ግድግዳ ያለው ቤት ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያ ያለው ደግሞ ቆርቆሮው በጥይት ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲያልፍ ሰዉ እንደ ሙሽራ መኪና ቆሞ ያየው ነበር።

ወደዚያ ያስኬደችኝ ኤዶ ፋዱማ ናት። ኤዶ ማለት በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሐርጌሳ ሰው ነበር፤ እናቴ የደሴ ናት፤ እኔ የድሬዳዋ። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ አይበቅልም፣ ሙቀቱ ሳይገድለው አይቀርም። ስለዚህ አክስቴን «አንቺ» ስላት ሰምታችሁ ያሳደገኝን አትርገሙት። ኤዶ ሐጅ ያደረገች፣ የልጅ ልጅ ያየች፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ በዓይኗ ብቻ ዋጋ የምታስጨምር ሴት ናት። ዘፈን በሚዘፈንበት ቤት ውስጥ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ታላቁ ልጇማ የስልክ ጥሪ እንኳ ዜማ ካለው «አስተግፊሩላህ» የሚል ሰው ነው።

ባሏ ሞቶ የሐዘን ጊዜዋን ከጨረሰች በኋላ አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጣች። በሩን ገርበብ አደረገችና «ሙክታር፣ እኔ እኮ ሺምብር ነበርኩ» አለችኝ።

ሺምብር በሶማልኛ ወፍ ማለት ነው። እንዲህ ስል ግን ምንም አልነገርኳችሁም። የሺምብርን ስም የማያውቅ የሶማሌ ቤት ድሬዳዋ ውስጥ አልነበረም። አባቴ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እሷን ሳይከፍት አይመረቅንም። ፊቷን ግን ያየ አንድም ሰው የለም። በዚያ ዘመን ዘፋኝ ሴት እናቷ ባወጣችላት ስም አትዘፍንም፤ ቤተሰብ እንዳያውቅ የቡድኑ አለቃ ሌላ ስም ይሰጣታል። ልጅቷ «ልብስ ስፌት ልማር» ብላ ከቤት ትወጣለች። መስኮቱ በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ትዘፍናለች። ድምጿ በቴፕ ተቀድቶ በየሻይ ቤቱ ይዞራል፤ እሷ ቤቷ ገብታ ዕቃ ታጥባለች።

«አንድ ዘፈን ነው የቀዱኝ» አለችኝ ኤዶ። «ታላቅ ወንድሜ ጃማ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰማው። ወደደው። "ድገሙልኝ" አለ። ሲደገም ለየኝ። በወሩ ለድሬዳዋ ነጋዴ ተዳርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰውዬው ቴፕ ቤት አያስገባም። ሰው ቤት ሺምብር ሲከፈት ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ፊቴ ይናገርብኛል ብዬ። ድምፄን ሰምቼው አላውቅም፣ ሙክታር። አንድ ጊዜ ሰምቼው ልሙት። ያችን ዘፈን ዛሬ እዚህ የያዘ ሰው የለም። ሐርጌሳ ዋሄን ገበያ ውስጥ የድሮ ካሴት የሚሸጥ ልጅ አለ ብለውኛል።»

ምን ትላላችሁ? እኔ እሺ አልኩ። ለልጆቿ ጅግጅጋ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው አለች። አንድ አዳር ጅግጅጋ፣ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሐርጌሳ፣ የዚያኑ ዕለት መልስ። አስር ከሚሉት ከከሰዓት በኋላው ሰላት ቀጥላ የምትነሣ መኪና ነበረች፤ እሷ ካመለጠች ድንበሩ ይዘጋል፣ ልጆቿ ይፈልጓታል፣ ጉዷ ይፈላል። አንድ ቀን ብቻ ነበራት።

ያንን አንድ ቀን ራሷ ዋጃሌ ድንበር ላይ አበላሸችው።

መኪናው ውስጥ ጎኗ የተቀመጠ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል፤ እኛ በበቅሎ እንስቃለን እንጂ በቅሎ ሚስጥር መጠበቅ ታውቅበታለች። ኤዶ በቅሎ አይደለችም። ሶማሌ ናት። ሶማሌን የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ ሰው መልሱ እስኪያልቅ ጊዜ ይኑረው። ከልጆቿ ተደብቃ፣ ስሟን ሸሽጋ የወጣች ሴት አባቷን አለች፣ አያቷን አለች፣ ቅድመ አያቷን አለች፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ግመል ነጂዎች ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች ወደ ነቢያቱ ዘመን ገሰገሰች። በክርኔ ጎሸም ባደርጋት ዞር ብላ በአማርኛ፣

«ምነው? የአባቴን ስም ልካድልህ?» አለችኝ።

ሽማግሌው ደስታውን አልቻለውም። «የጃማ እህት ነሻ!» ብሎ ወረደና በቀጥታ ወደ ሬዲዮ መገናኛው ሄደ። ያኔ ስልክ ብርቅ ነው፤ ግን በየከተማው የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ ሰውን ከሰው የሚያነጋግር አለ። እኛ በአቧራማው መንገድ ስንንገጫገጭ ወሬው ቀድሞን ሐርጌሳ ገብቶ ሻይ ጠጥቷል።

ሐርጌሳ ገብተን ጅግጅጋ ያር የሚሉት ሰፈር ስንደርስ አዴር ጃማ ቆሞ እየጠበቀን ነበር። አዴር የአባት ወንድም ነው። ቁመተ ረዥም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ጎሳ ከጎሳ የሚያስታርቅ፣ ሲናገር ሰው ሁሉ ዝም የሚልለት ሽማግሌ። እህቱን ሲያይ ዱላውን ጥሎ አለቀሰ። የእውነት ልቅሶ ነበር፣ ይኼን መካድ አልችልም። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ኖሮ ንዴቴ ይቀልልኝ ነበር።

ቤቱ ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር ነው። ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ይቀራል፤ ሳሎኑ ውስጥ ከምንጣፉ ዳር የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኛ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበርን። ወርቅ ነበርን። ወርቅ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ይቆለፍበታል። ላሆህ የሚሉት እንጀራቸው በቅቤና በማር መጣ። የግመል ወተት ያለበት ሻይ መጣ። ጎረቤት መጣ፤ የጎረቤት ጎረቤት መጣ። «ዋሄን ደረስ ብለን እንምጣ» ስንል ፍየል ታረደ። ፍየል ታርዶ ማን ይወጣል? ያንን ፍየል እስከ ዛሬ እንደ ፖሊስ ነው የማስታውሰው።

ግብዣው ፍቅር አልነበረም አልልም። ግን አዴር ጃማ ሞኝ አይደለም። ድሬዳዋ ከተዳረች ጀምሮ አንድም ጊዜ ሐርጌሳን ያልረገጠች እህቱ፣ የባሏ ሐዘን ባለቀ ማግሥት፣ ለአንድ ቀን፣ ያለ ልጆቿ፣ ያለ ሻንጣ ስትመጣ ለምን እንደመጣች ገብቶታል። በሩን አልዘጋባትም። ሰሃን ደረደረባት እንጂ።

ለምሳ ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጥን። የሰፈሩ ታላላቅ ሽማግሌዎች ከበውናል። ሩዙ ከነሥጋው መሐል ሲገባ አዴር ጃማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከድሬዳዋ የመጣ እንግዳ አለን፣ ይስማና ለአገሩ ይንገር» አለ። «ይቺን ከተማ አፍርሰዋታል። ቤቱን እንሠራዋለን፤ ሲሚንቶ ይገዛል። ለዘፈን ግን ሲሚንቶ የለውም። ስለዚህ እኛ እዚህ ያለነው ሽማግሌዎች ኮሚቴ አቋቁመናል። የድሮ ዘፋኞቻችን ስም የሚሰፍርበት አዳራሽ እንሠራለን። የመጀመሪያው ስም የሺምብር ይሆናል። እንደሷ ያለ ድምፅ ይቺ አገር አላበቀለችም። ማን እንደነበረች፣ የማን ልጅ እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሞታለች ይባላል። አላህ ይርሐማት።»

«አሚን» አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ።

«አሚን» አልኩ እኔም፣ አፌ በሩዝ እንደተሞላ።

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ዘግይቶ፣ የኤዶ ፋዱማ «አሚን» ተሰማኝ።

ቆሽቴ አረረ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንላለን፤ ይኼኛው ባለቤት ግን አሞሌውን በገዛ እጁ ቀብሮ መቃብሩ ላይ ሐውልት ሊያቆም ኮሚቴ ሰብስቧል! ተነሥቼ «ያቺውላችሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አጥንት እየጋጠች ነው!» ልላቸው አማረኝ። አፌ ድረስ መጣ። ግን ሚስጥሩ የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው፤ እኔ ተናግሬ ብሄድ ዳፋው ለእሷ ነው የሚተርፈው። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ሩዜን አላመጥኩ። እንደዚያ ቀን ሩዝ ጠልቼ አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ተዉት፣ አትመልሱልኝ።

እጅ ሳንታጠብ ኤዶ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጋርባሳሯን አጥብቃ ተከናንባለች።

«ጃማ፣ ገበያ እሄዳለሁ» አለች። «ብትፈልግ ተከተለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ባሉበት እህትን መጎተት ነውር ነው። ተከተላት። ዋሄን የምታውቁት ዓይነት ገበያ አይደለም፤ ዘርዛሪዎቹ ብሩን እንደ ጡብ ከምረው ከጀርባው ተቀምጠዋል፣ ተሸካሚዎቹ በጋሪ እየገፉ «ዞር በል!» ይላሉ፣ ከኛ አገር የመጣው ጫት ተፈትቶ ሰዉ በየጥላው ሥር መቀመጥ ጀምሯል። በዚያ ላይ ከአዴር ጃማ ጋር መሄድ ከከንቲባ ጋር መሄድ ነው፤ ያልጨበጠው እጅ፣ ያልጠየቀው ጤና የለም። እኔ ፀሐይዋን አያለሁ፣ እሱ የሰው ግመል እንዴት እንደዋለች ይጠይቃል።

የካሴቱ ሱቅ የቆርቆሮ ኪዮስክ ነው። ባለሱቁ አብዲ የሚባል ወጣት፣ በአማርኛ ስናወራ ሰምቶ በአማርኛ «ኑ ግቡ፣ የአገሬ ሰዎች!» አለን። ልጅነቱን ጅግጅጋ አጠገብ በስደተኛ ካምፕ ነው የጨረሰው። ከተማው ሲደበደብ ሌላው ሰው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ሲሸሽ፣ የአብዲ አባት አንድ ጆንያ ካሴት ተሸክሞ ወጣ። «እናቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም» አለን እየሳቀ። «መሬት ላይ ነው የተኛነው።»

«ሺምብር አለህ?» አለችው ኤዶ።

አዴር ጃማ አሳለ። «ቁርኣን ነው የምትፈልገው። ለልጆቿ» አለው ለአብዲ።

«የምፈልገውን አውቃለሁ፣ ጃማ» አለች፣ ዞር ብላም አላየችው።

አብዲ ካሴቱን ከፕላስቲኩ አውጥቶ ቴፑ ውስጥ ጨመረው። ዑዱ ቀደመ፤ ከዚያ ድቤው፤ ከዚያ ሴቲቱ መጣች። ወፍራም፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ እየጎተተ የሚሄድ ድምፅ። ኤዶ የጋርባሳሯን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ሰማች። እኔ እሷን አያለሁ፤ እስክታለቅስ ነው የምጠብቀው። ዘፈኑ አለቀ።

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች። በሶማልኛ። ጮክ ብላ። ገበያ መሐል።

አዴር ጃማ ዓይኑን ጨፈነ። አብዲ ግን ጣቱ ቴፑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«አይደለሁም?» አለ። «ኤዶ፣ እኔ እዚህ ሱቅ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሁለት አሮጊቶች "ሺምብር እኔ ነኝ" እያሉ መጥተውብኛል። አንዷማ ከቡርዖ ድረስ ነው የመጣችው። ስቄባቸው ሸኘኋቸው፣ ካሴቱንም አላሰማኋቸው። "አይደለሁም" ስትለኝ ያየኋት አንቺን ነው።»

«ሌላ የሺምብር ካሴት አለህ?»

«አሉኝ። ሦስት ናቸው በጠቅላላው። ድምፁ ትንሽ ይለያያል። አባቴ ያንዱን ቀን ጉንፋን ይዟት ነው ይል ነበር።»

ሁለተኛውን ከፈተው። ይኼኛው ሳቅ ሳቅ የሚል፣ ከድቤው ጋር የሚሯሯጥ የልጅ ድምፅ ነው። ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። ኤዶ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

«ይቺም አይደለሁም። ጃማ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?»

አዴር ጃማ የደንበኛ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ያኔ የቡድኑ አለቃ ዘንድ ዱላ ይዤ ሄጄ ነበር» አለ። «"እህትህን ውሰድ፣ ስሙን ግን ተውልኝ፣ ሰው ለምዶታል፤ ሌላ ልጅ አለችኝ" አለኝ። ተውኩለት። እንዲያውም ደስ አለኝ። አንቺ ድሬዳዋ ተቀምጠሽ ሺምብር እዚህ ከዘፈነች አንቺን የሚጠረጥር የለም ብዬ።»

«የሌላዋስ ሰዎች?»

«የሷም ወንድም ሰማ። መጣ። ወሰዳት። ስሙን ተወ።»

«ታውቀዋለህ?»

አዴር ጃማ መሬት መሬት አየ። «ዛሬ ፍየሉን አብሮን በልቷል» አለ።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ በዚህ ያልተናደደ ሰው በምን ይናደዳል? አንዲት ዘፋኝ ለመሥራት ስንት ልጃገረድ ፈጀን? አንዷ ስትያዝ አንዷ ትተካለች፤ ስሙ ይቀመጣል፣ ልጅቷ ትባረራለች፤ ሕዝቡ ሻይ ቤት ተቀምጦ «የሺምብር ድምፅ መቼም አያረጅም» እያለ ያደንቃል። እንዴት ያርጅ? የሚያረጁትን ወደየባሎቻቸው ቤት ስንበትናቸው! ከዚያ ደግሞ ወንድሞቻቸው ጢማቸውን በሂና አቅልተው ለማይታወቀው ዘፋኝ አዳራሽ ልንሠራ ነው ይሉናል። አልታወቀችም? ከሚያውቋት ሰዎች ውጪ ኮሚቴው ውስጥ ማን ነበር?

ይኼን ሁሉ በአማርኛ ጮኼ ተናግሬዋለሁ። የገባው አብዲ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቱን አሮጊቶች አስታውሶ ነው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። ኤዶ ግን ክንዴን ያዝ አደረገችኝና «ጩኸትህን አቆይ፣ ሦስተኛውን አልሰማሁም» አለችኝ።

አብዲ ሦስተኛውን ከፈተ። ዑዱ ሁለት ጊዜ እንኳ አልተመታም፤ አዴር ጃማ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«ይቺ ናት» አለ። «ይቺ ፋዱማ ናት።»

ከእሷ በፊት። ካሴቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ገና አፏን ሳትከፍት። ሰውየው ይኼን ሁሉ ዓመት ጆሮው ውስጥ ይዞት ኖሯል ማለት ነው፤ እህቱን አባርሮ ዘፈኗን ደብቆ ይዞት ኖሯል። ቀጭን ድምፅ ነው። እንደ ሕፃን ቀጭን፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከፍ ብሎ ይቆምና አልወርድም ይላል። እዚያ ላይ አብዲ እጁን ዘርግቶ አጠፋው። ምነው ልል ስል የአስር አዛን ተሰማኝ። ሐርጌሳ ውስጥ አዛን ሲጠራ ቴፕ ይዘጋል፤ የዘፈኑ ባለቤት ራሷ ብትመጣም ይዘጋል። ኤዶ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለአዛኑ መልስ ሰጠች። ዘርዛሪዎቹ ኪዮስኩ ደጃፍ ተሰብስበዋል። የእኛ መኪና የምትነሣበት ሰዓት ቀርቧል። ማንም ወዴትም አልተነቃነቀም።

አዛኑ አለቀ። «ቀጥል» አለችው ኤዶ።

ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ዜማው ይፈጥናል፤ ድቤው ሳይደርስባት ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ብላ ዘጋችው። እኔ ጥበብ መሰለኝ። ኤዶ ሳቀች።

«እዚህ ላይ ቸኩዬ ነው» አለችን። «አለቃው "ይበላሻል፣ እንደገና እንቅዳው" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጃማ ለምሳ ቤት የሚገባበት ሰዓት ደርሷል ብዬ ጥዬ ወጣሁ።»

አዴር ጃማ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ። እኔ አለቀስኩ። በሐዘን አይደለም፣ በንዴት ነው፤ እንባው ግን ያው ነው።

አብዲ «ልገልብጥልሽ፣ ውሰጂው» አላት። አልወሰደችም። «ቤት ብወስደው ልጄ ይሰብረዋል። እዚሁ ይቀመጥ» አለችው። «እነዚያ ሴቶች ተመልሰው ከመጡ ግን ሦስቱንም አሰማቸው። እንዳትስቅ።» አብዲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወላሂ አልስቅም» አለ።

መኪናው ሊነሣ ሲል አዴር ጃማ በመስኮቱ በኩል ተጠጋ። በአንድ ከሰዓት ያረጀ መሰለኝ።

«ፋዱማ፣ ለኮሚቴው ምን ልበላቸው?» አላት።

«ሦስት ነበሩ በላቸው» አለችው። «አንደኛዋ አልሞተችም በላቸው። የማን ልጅ እንደሆነች ከጠየቁህ ደግሞ ቁጠርላቸው፤ አባታችንን ታውቀዋለህ።»

እስከ ጅግጅጋ ድረስ ኤዶ አላዘነችም፤ እኔ ነኝ ስነፋረቅ የሄድኩት። ልጆቿ የታመመው ሰው እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቋት «ተሽሎታል» አለቻቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከሐርጌሳ የመጣ ነጋዴ ወሬ ነገረኝ። አዴር ጃማ በእውነት ተናግሯል። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ተነሥቶ «ሺምብር ብለን ከምንጠራቸው አንደኛዋ እህቴ ፋዱማ ናት፣ የአባቴ ልጅ፣ ያባረርኳት እኔ ነኝ፣ በሕይወት አለች» ብሎ፣ የዘር ሐረጉን አንድም ሳይዘል ቆጥሮ፣ «ቀሪዎቹን ሁለቱን ደግሞ ወንድሞቻቸው ይቁጠሩልን» ብሎ ተቀመጠ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰላት እንዳያመልጠው ወጣ። ሌላው ጫማውን ፍለጋ ወጣ።

ይኼን ለኤዶ ስነግራት ጨርቅ እየለካች ነበር። «ጃማ በሰው ፊት ተናገረ?» አለችኝ። ተናገረ አልኳት። «በል ይበቃል» አለችና ጨርቋን ቀደደች። ለሷ ይበቃት ይሆናል። ለእኔ አይበቃኝም። ስለዚህ ከሐርጌሳ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ያ የዘፋኞች አዳራሽ ተሠራ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አልተሠራም፤ ኮሚቴው ከዚያ ቀን በኋላ ተሰብስቦ አያውቅም ይሉኛል። ምክንያቱን ብጠይቅ የሁሉም መልስ አንድ ነው።

የበጀት እጥረት።